ኢልኮ በስልኩ የፈጃቸው ሰዎች

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። ባለፈው ሐሙስ ከተማችን ውስጥ አንድ ሽንት ቤት ሞተ። ሌላ ማንም አልሞተም። ይሄን ያዢልኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚሞተው ሰው ብዙ ነው።

የመብረቅ ብርጌድ የሚባሉት፣ ከወንዙ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ያሉት፣ የመንግሥት ካምፕ ላይ አንድ ሞርታር ተኮሱ። ካምፑን ሳተ። ገበያውንም ሳተ፣ አልሐምዱሊላህ። ከካምፑ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ሽንት ቤት አገኘው። በሩ ከተገነጠለ ጀምሮ ማንም አይገባበትም ነበር። በቃ፣ ጦርነቱ ይሄው ነው።

ኢልኮን ታውቂው የለ? የአጎቴ ልጅ ነው። ስሙ ሊባን ነው፤ ግን ቤት ሲገባ ጥርሱ ስለሚቀድመው ኢልኮ እንለዋለን፣ ጥርሶ እንደማለት። የብርጌዱ የማኅበራዊ ሚዲያ ክፍል ኃላፊ ነው። ክፍሉ ማለት እሱና ቻርጀሩ ናቸው። ጠመንጃ አልሰጡትም፣ ድምፁ ያስደነግጠዋል።

ሽንት ቤቱ ገና ሳይበርድ ለጠፈ፦ «አንበሶቻችን በወሰዱት እርምጃ ሠላሳ ዘጠኝ የጠላት ወታደሮች ተደምስሰዋል። የዘመቻው መሪ፦ ሊባን ኑር።» ፎቶውን ጨምሮበታል፣ አፉን ገጥሞ የተነሳው። ቪዲዮም አለው። ካምፕ ሲነድ ያሳያል፤ ከኋላ ደግሞ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። በረዶ! እኛ አገር በረዶ የሚታየው ለስላሳ ሻጩ ሳጥን ውስጥ ነው፣ እሱም እስከ ረፋድ። አንዱ ሥሩ «ወንድም፣ ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ኢልኮ «ጨው ነው» ብሎ መለሰለት። ለመልሱ ብቻ የጎረፈለትን ላይክ ብታዪ!

መንግሥትም ዝም አላለም። ቃል አቀባዩ ወዲያው «ጀግናው ሠራዊታችን ጥቃቱን በመመከት ሃምሳ ሽብርተኞችን ደምስሷል» ብሎ ለጠፈ። አንድ ሽንት ቤት ፈርሶ ግማሽ ከተማ አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነገር ነው፣ ሁሌ የምናየው። ጉዱ የመጣው ሽማግሌዎች ሲሰሙት ነው።

መቼም እኛ ጋ ሰው ገደልኩ ብሎ በምስክር ፊት ያመነ ሰው፣ ጎሳው የደም ካሳ ይከፍላል። ለአንድ ወንድ መቶ ግመል። ኢልኮ ደግሞ በስሙ፣ በፎቶው፣ በአርባ ሺህ ምስክር ፊት አመነ። የኢልኮ ጎሳ ማለት እኛ ነን። አባቴ ካሉት ግመሎች ሸጦ ሞቃዲሾ አዋላጅነት ሊያስተምረኝ ነበር፤ ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ። አስቢው እንግዲህ፣ ኢልኮ ላይክ ሲሰበስብ የኔ ትምህርት በግመል ጀርባ ሊሄድ!

አርብ ጠዋት የወታደሮቹ ጎሳ ሽማግሌዎች ጢማቸውን ሂና ተቀብተው መጡና ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ሟቾቹም አብረዋቸው መጡ፣ ዋጋቸውን ሊሰሙ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ዋርሰሜ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በቅድሚያ ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን» አሉ። «ድሮ ገዳይ ይደበቅ ነበር፤ ፍለጋው እግር ይጨርሳል። ዛሬ ከነፎቶው ይነግሩናል። ግመሎቹ የት ናቸው?»

«ሐጂ» አለ አባቴ፣ አስር አለቃ ዳሂርን እያሳየ፣ «ሟችዎ ሻይ እየጠጣ ነው እኮ!»

«ሞቷል ተብሎ ተጽፏል።»

ዳሂር ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አዴር» አለው አባቴን፣ አጎቴ እንደማለት፣ «የኔን ለእናቴ ስጡልኝ። የሚታለቡትን ምረጡላት።»

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ዝም በል!» አሉት ሐጂ። «ሟች በጉባኤ አይናገርም።»

ኢልኮ ተጠርቶ መጣ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ጉባኤውን እየቀረጸ ነው የመጣው።

«ልጄ» አለው አባቴ፣ «ዋሸሁ በልና ገላግለን። ይቺ ልጅ በግመሎቹ ትማር።»

«አዴር፣ ተከታዮቼስ? ዋሸሁ ካልኩ እኮ ስሜ ይጠፋል!»

«ገደልኩ ስትል አልጠፋም?»

«ኧረ ሦስት ሺህ ሰው ጨመረልኝ!»

በቃ ድርድር ገቡ። ልክ ግመል ገበያ እንደሚደረገው፣ እጃቸውን ፎጣ ሥር ከተው በጣት። ሐጂ የኢልኮን ጣት ጨበጥ፣ ኢልኮ ነቀል። ሠላሳ ዘጠኙ ሃያ ሆኑ። ሃያው ሰባት። ከሞት የተነሱት ወታደሮች እያዘኑ ተራ በተራ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዳሂር ብቻ ሙጭጭ አለ፣ እናቱን አስቦ።

«አንድ እንኳን ተዉልኝ!» አለ ኢልኮ፣ አባቴ ሰባቱንም ጣል ቢለው። «አንድም ሰው ሳልገድል ምን ብዬ ብርጌዱ ጋ እመለሳለሁ?»

አልቻልኩም። ከሴቶቹ መሃል ተነሳሁ። «አንተ! ዶሮ ስትታረድ አልጋ ሥር የምትገባው ነህ ሰው የምትገድለው? የሒሳብ ፈተና ከኔ ገልብጠህ እንኳን የወደቅከው?»

ሐጂ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳሂር ሻዩ ትን አለው። የኢልኮ አፍ ያለ ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ላይ ገጠመ። ስልኩን ወደ ፊቱ አዞረና «እኔ ሊባን ኑር ማንንም አልገደልኩም» አለ። «የመታነው ሽንት ቤት ነው። እሱንም በስህተት።» አንዴ ከጀመረ ማን ያቁመው! ስለ በረዶው አመነ፣ የሽንት ቤቱን ባለቤት ይቅርታ ጠየቀ፣ አፍንጫውን ተናፈጠ፣ እናቱን አነሳ። ለጠፈው። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ተነሱ። ዳሂር ከመሄዱ በፊት ኢልኮን «ሌላ ጊዜ ጠንከር በል» አለው። ግመሎቻችን ዳኑ።

ምሳ ሳንጨርስ ብርጌዱ ለጠፈ፦ «ጀግናችን ሊባን ኑር ትናንት በጦር ሜዳ ተሰውቷል። ዛሬ የሚታየው ቪዲዮ ጠላት በኮምፒውተር የሠራው ነው።» ከኋላው ቃል አቀባዩ፦ «የሽብርተኞቹን አፈ ቀላጤ የገደልነው እኛ ነን።»

ኢልኮ ሩዙን በሙዝ እየጎረሰ አነበበው። «አዴር፣ እኔ እኮ...»

«ሟች በጉባኤ አይናገርም» አለ አባቴ። በትሩን አንስቶ ወደ ካምፑ ሄደ። መንግሥት አምኗል፤ መቶ ግመል ነው።

ኢልኮ አልተቀየመም። ሥሩ የተጻፈለትን ለቅሶ እያነበበ «እንዲህ ተወድጄ አላውቅም» አለኝ።

እኔ ሳጋል ጋ ደወልኩ፣ ሞቃዲሾ ኮሌጅ ቀድማኝ የገባችው፣ የማርፈው እሷ ጋ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ኢልኮ አልሞተም፣ ወታደሮቹም አልሞቱም፣ እኔም እመጣለሁ፣ ይኸው ራሱ አምኖ በቪዲዮ ተናግሯል አልኳት። ቃል በቃል ያለችኝን ልንገርሽ፦

«ውይ ኢፍራህ፣ ሲዋሽ አምኜ ለክፍላችን ልጆች ሁሉ ልኬዋለሁ፣ ሲሞትም አልቅሼለታለሁ፤ እውነቱን የተናገረበትን ግን ጀምሬ ተውኩት፣ ረዘመብኝ።»