በአማች ብስክሌት ላይ የአማት ጎማ

በሰፈሩ የተወራው፣ ጋሼ ይገጥማል የሴት ልጃቸውን ባል አዲስ የብስክሌት ጎማዎች ፈትተው ሸጡ ተብሎ ነው። ሐሰት ነው። ሰውየው በሕይወታቸው አንድ ብሎን እንኳ ከቤት አውጥተው አያውቁም፤ እንኳን ሁለት ጎማ። መፍታቱንስ ፈትተዋል። ነገር ግን በአንሶላ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር በክብር ካስቀመጧቸው በኋላ፣ በምትካቸው የራሳቸውን የጉርምስና ዘመን ጎማዎች ገጠሙ። ሸጠዋቸው ቢሆን ይሻል ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ የለም። አሮጌ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ለአዲስ ዕቃ ይሆናል ብሎ የሚያምን፣ አልሆን ያለውንም በመዶሻ የሚያሳምን። የእኚህ ክቡር ሰው እውነተኛ ስም ጡረታ መታወቂያቸው ላይ ተጽፏል፤ የሚጠራቸው ግን የለም። «ይገጥማል» ከአፋቸው ስለማይጠፋ ስማቸው ሆኖ ቀረ። የመታጠቢያ ቤታቸው በር እጀታ ከጭነት መኪና የተነቀለ ነው፤ እንግዳ ገብቶ በሩን ጓ አድርጎ ሲዘጋ ቤቱ ሊንቀሳቀስ ነው ብሎ ግድግዳውን ይይዛል። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ፣ አማቻቸው በስጦታ ያመጣላቸው የጥርስ ብሩሽ ነው።

አማቻቸው የጥርስ ሐኪም ነው። ልኩ ያልሆነ ነገር የሰው አፍ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በእሑዱ የብስክሌት ውድድር እንደሚሳተፍ ለክሊኒኩ ሰው ሁሉ ነግሯል፤ አፋቸውን ከፍተው መልስ መስጠት ለማይችሉት በሽተኞቹ ሳይቀር። አምና መጨረሻ ወጥቷል። የዘንድሮ ምኞቱ አንዲት ብቻ ናት፤ መጨረሻ አለመውጣት። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ይዞ ሄዶ «እስቲ አንዴ እዩልኝ» አላቸው። ሰው በአክብሮት የሚሠራው ስሕተት ይብሳል።

ከሰዓት ሲመለስ ብስክሌቱ ግቢው ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል።

«አባባ፣ ጎማዎቼ የት ሄዱ?»

«አረፉ። እንደ ወረቀት ቀለሉብኝ፤ ነፋስ ይወስድሃል። እነዚህ ግን ዳገት ያውቃሉ።»

«የኋላው እኮ ይጠባል። የሚገባበትን ክፍተት አይሞላም።»

«የጎደለችው አራት ሚሊ ሜትር ናት። የብሎን ሮንዴላ ደርድሬ ሞላኋት።»

«ማርሹስ? የኔ አሥራ አንድ ነው፤ የርስዎ ሰባት።»

«አሥራ አንድ ለምንህ ነው? ያለህ እግር ሁለት።»

«ካቴናው አይስማማም፣ አባባ።»

«ይገጥማል። ብረት እንደ አማች ነው፤ መጀመሪያ ይንጓጓል፣ ኋላ ይለምዳል።»

ባለቤታቸው በመስኮት ብቅ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ባል አጥንት ሰብረህ ደግሞ በምን ልትጠግነው ነው?»

«መለዋወጫ አይጠፋም» አሉ ጋሼ ይገጥማል፣ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ፔዳሉን በእጃቸው አሽከረከሩት። ጎማው ሽው ብሎ ዞረ። እውነት ለመናገር፣ ተገልብጦ ሲዞር እንከን አልነበረውም። የሳቸው ሥራ ሁሉ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ እንከን የለውም።

እሑድ በማለዳ ሐኪሙ የገዛ ጎማዎቹን ሊሰርቅ መጣ። ከሴት አማቱ ጋር በስልክ ተማክሯል፤ እሳቸው ከአልጋው ሥር ሊያቀብሉት፣ እሱ በር ላይ ሊቀይር። ሲደርስ ግን ሰውየው ሱሪያቸውን ተኩሰው ለብሰው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የአሮጌዎቹን ጎማዎች ሽቦ በጥርስ ሳሙና አንድ በአንድ ያጸዳሉ። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው ትከሻቸውን ሰበቁ።

«ና ልጄ፣ ዝግጁ ናቸው» አሉት ጋሼ ይገጥማል።

ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት የሚውል ሐኪም፣ የገዛ አፉ አልከፈት አለው። ብስክሌቱን ተቀብሎ ወጣ።

ሜዳው ላይ ደኅና ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ካቴናው ማርሹን ይነክስ፣ ይተፋ፣ እንደ ተሰበረ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። ብዙ አንገራግሮ አንዱን ማርሽ ብቻ ወደደ፤ እሱም የከበደውን። የሚቀድሙት ሁሉ ምን መጣ ብለው ዞረው ያዩታል። የክሊኒኩ ዘበኛ በባለ ቅርጫት ብስክሌት አለፈው። አንድ በሽተኛውም «ዶክተር፣ ይሄስ መነቀል ነበረበት» ብሎት በሐዘኔታ አለፈ።

መድረሻው ጋ ሲደርስ የተመልካቹ ወንበሮች መኪና ላይ ተጭነዋል። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አማቶቹ። ሐኪሙ የሚናገረውን መንገድ ሙሉ ሲያሰናዳ ነው የመጣው፤ ዘንድሮም መጨረሻ ያስወጣው ማን እንደሆነ፣ ጎማዎቹንም አሁኑኑ እንደሚፈልግ። ከብስክሌቱ ወርዶ አፉን ከፈተ።

ጋሼ ይገጥማል ወደ ጎማዎቹ አላዩም። ኮታቸውን አውልቀው ላብ ያጠመቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉበት፤ የውኃውን ክዳን ከፍተው ሰጡት።

«ሌሎቹ ኮሽታም ሳያሰሙ ነው ያለፉት፤ ማን ማን እንደሆነ እንጃ» አሉ። «አንተን ግን ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለህ ‹የኛ ልጅ መጣ› አልኳት።»

ሐኪሙ ውኃውን ጠጣ።