አምባላቫናን የቁጠባ ደብተራቸውን ለማዳን ወደ ፖስታ ቤት እንደ ዘመቱ

ኀያልና ጽኑዕ፣ ሞዓ ሰልፍ፣ ሥዩመ ቁጠባ አምባላቫናን፣ በኩምባኮናም ከተማ የሳሪ መደብር ገንዘብ ያዥ፣ የቤታቸውን የቁጠባ ደብተር በያዙ በዐሥራ አራተኛው ዓመት፣ ኤፕሪል በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ዓርብ የፈጸሙትን ገድል እንጽፋለን፤ ጽፈንም ለልጅ ልጅ እናቆያለን።

ይህ ደብተር መንግሥት ዋስ የሆነለት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የማይነካ፣ ወለዱንም ግብር የማይደፍረው ነው። የዓመቱን ድርሻ እስከ ኤፕሪል አምስት ያስገባ ዓመቱን ሙሉ ወለድ ይበላል፤ በማግስቱ የመጣ የወሩን ያጣል። አምና ጌታችን በራሁ ሰዓት ገንዘብ ከእጄ አይወጣም ብለው ቀኑ አመለጣቸው። ራሁ ፀሐይን የሚውጠው ክፉ መንፈስ ነው፤ በየዕለቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይነግሣል፤ ዓርብ ዓርብም ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ይገዛል። ስለዚህ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮማላ ከወጥ ቤት ሆነው እንዲህ የሚል ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙኝማ፤ አምና በራሁ አሳበው የወሩን ወለድ አስቀሩብን። ዘንድሮም ካለፈዎት ደብተሩ የእኔ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ለፀጉር መቆረጫ እንኳ ከእኔ ይለምናሉ። ሰምቻለሁ ይበሉና ይሂዱ።»

ወእምዝ ጌታችን ተነሡ። የሚስታቸው ወንድም ማሩዳይ ጃንጥላ ተሸክሞ፣ በእርጎ የተለወሰ ሩዝ ቋጥሮ፣ ትርፍ እስክሪብቶ፣ ሙጫና ማንም ያልጠየቀውን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ተከተለ። ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት ቢደርሱም፣ ኩምባኮናም ሁሉ አምስተኛውን ቀን ያውቀዋልና የጡረተኞች ሠራዊት ቀድሞ ሰፍሮ ነበር። በክርን ታግለው፣ እየሳሉ አስፈራርተው፣ መስኮቱ ዘንድ ሲደርሱ ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። ራሁ ገባ።

የጌታችን ጽናት የታየው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን ከሆዳቸው አጣብቀው፣ ከመስኮቱ አጠገብ እንደ ምሰሶ ተተክለው፣ ከኋላቸው ያለውን ሁሉ በፊታቸው ያሳልፉ ጀመር። አሮጊቶች መረቋቸው፤ ጡረተኞች እጃቸውን ጨበጧቸው፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየንም አሉ። ያልመረቀ ማሩዳይ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሰልፈኛው ፊት ዐወጀ፦

«ጋሼ፣ ራሁ የሚበላው ፀሐይ ነው እንጂ ሩፒ አይደለም። እግሬ አለቀ እኮ። ለሠራተኛዋ ይስጧትና እንሂድ።»

ጌታችን ሌላ አሮጊት አሳለፉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ራሁ ወጣ፤ የመስኮቱ ሠራተኛ ሶርናምም ለምሳ ወጣች። እርሷ ስትመለስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ጌታችን የሚስታቸው ቁምሳጥን ሲከፈት በጆሯቸው ተሰማቸው፤ ፈሩም። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ መስኮቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀር ኮምፒውተሩ እሺ አለ፤ ገንዘቡንም አሳለፉ። ሶርናምም ኮምፒውተሯን አይታ ዐዋጇን አሰማች፦

«አባባ፣ የዘንድሮው ሞልቷል፤ ከወሰኑ በላይ አንቀበልም። ባለቤትዎ ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልክ አስገብተውታል። አምስት ሰዓት ላይ።»

አምስት ሰዓት የራሁ እምብርት ነው። ሚስታቸው የራሳቸው የባንክ ሒሳብ እንዳላቸውም ጌታችን እስከዚያች ሰዓት አያውቁም ነበር። ወጥተው ወደ ሰማይ አዩ፤ ፀሐይ ቦታዋ ላይ ነች። አፈሩ፤ ወለዱ በመትረፉም ደስ አላቸው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ለራሳቸውም አልታወቃቸው። ቤት ደርሰው ደብተሩን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ወይዘሮ ኮማላ ተቀብለው ቁምሳጥኑን ቆለፉና የመጨረሻውን ዐዋጅ ተናገሩ፦

«ገንዘቡንም ወዲህ ይበሉት። ፀጉርዎ አድጓል፤ ነገ ይቆረጡ፣ እኔ እሰጥዎታለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ሳይቀመጡ፣ ሳይሸሹ፣ ሳያስገቡም የተመለሱ፣ ለሰልፈኛው ሁሉ መንገድ የሰጡ የአምባላቫናን ስም ከፍ ከፍ ይበል፤ በፖስታ ቤቱ ደጅ እንደ እርሳቸው የቆመ ከቶ አልተነሣም። ይህም ዜና ተጻፈ በእቴጌ ኮማላ ዘመነ መንግሥት፣ ደብተሩን በያዙ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን።