ሁለት መቶ ዋት ለአንድ ጉሮሮ

ኢናያት፦ ሁለት መቶ ምን አልከኝ?

ጉልፋም፦ ዋት፣ ቻቻ! ሁለት መቶ ዋት! ሦስቴ ነገርኩዎ እኮ።

ኢናያት፦ የጣሪያ ቬንትሌተር ሰባ አምስት ዋት ነው።

ጉልፋም፦ እና?

ኢናያት፦ እናማ ሦስት ቬንትሌተር ባንድ አፍ ልጎርስ ነው?

[ሙልታን፣ ፓኪስታን፣ የሰኔ ቀትር። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ኢናያት በአሮጌው ከተማ ባለች ጠባብ ሱቁ፣ ክንፋቸው በተነቀለ ቬንትሌተሮች ተከቦ ተቀምጧል። የተቃጠለ ሞተር ፈቶ ሽቦውን እንደገና ሲጠቀልል አርባ ዓመት ሆኖታል። ፊት ለፊቱ የቆመው የታላቅ ወንድሙ ልጅ ጉልፋም ነው፤ አጎቱን «ቻቻ»፣ የአጎቱን ሚስት «ቻቺ» ይላል። ጉልፋም ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ የሚሸጥ ሱቅ ከተቀጠረ ሦስት ሳምንቱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከዘመድ መሃል እሱ ፊት አንድ አረፍተ ነገር የጨረሰ ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ማንም ሳይልከው አጎቱን ከሲጋራ ሊያድን መጥቷል። በእጁ የጡብ ግማሽ የምታህል፣ ስክሪኗ የሚያበራ ቬፕ ይዟል።]

ጉልፋም፦ አይጎርሷትም፣ ይስቧታል! ደግሞ ይቺ ተራ ቬፕ እንዳትመስልዎ። ሙቀት ትቆጣጠራለች።

ኢናያት፦ [አንገቱን በፎጣ እየጠረገ] ሙቀት ትቆጣጠራለች? ታዲያ ምን አፌ ውስጥ ትከታታለህ፣ ጣሪያው ላይ ስቀላት እንጂ!

ጉልፋም፦ የሙልታንን ሙቀት አይደለም! የራሷን ነው የምትቆጣጠረው!

ኢናያት፦ የራሷን ብቻ? ራስ ወዳድ ናት።

ጉልፋም፦ ይኸው፣ እዚህ ላይ ይዩት። ሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ ብዬ አዝዣታለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ዲግሪ አትጨምርም።

ኢናያት፦ በሁለት መቶ ሃያ ዲግሪማ ቻቺህ ዶሮ ትጠብሳለች።

ጉልፋም፦ ዶሮ የለበትም፣ ቻቻ! ፈሳሽ ነው የሚሞቀው። ፈሳሹ ይተናል፣ እርስዎ እንፋሎቱን ይስባሉ። ጭስ የለ፣ አመድ የለ፣ ሽታ የለ።

ኢናያት፦ ሽታስ አለው። ገና ከሞተርሳይክልህ ሳትወርድ ሸተትከኝ።

ጉልፋም፦ እሱ ሽታ አይባልም፣ ጣዕም ነው የሚባለው። ማንጎ!

ኢናያት፦ [ጠርሙሷን ተቀብሎ እያሸተተ] የትኛው ማንጎ?

ጉልፋም፦ የትኛው ማለት?

ኢናያት፦ ቾንሳ ነው? ሲንድሪ ነው?

ጉልፋም፦ ማንጎ ነዋ በቃ! ማንጎ ተስሎበት የለ እንዴ?

ኢናያት፦ የማንጎ አገር የሙልታን ልጅ ሆነህ «ማንጎ ነዋ በቃ»? አያትህ ይህን ሳይሰሙ ማለፋቸው ደግ ሆነ።

ጉልፋም፦ አሁን አያቴን ምን አመጣቸው? ይያዟት። ይህችን ቁልፍ ይጫኑና ይሳቡ።

ኢናያት፦ እኔ እኮ...

ጉልፋም፦ አውቃለሁ፣ ፈርተዋል። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ይፈራል።

ኢናያት፦ እሺ፣ እስቲ አንተ አሳየኝ። እኔ ሳላይ አይገባኝም።

[ጉልፋም ደረቱን ነፍቶ ሳበ። ሱቋ በነጭ ደመና ተሞላች። ደመናው ሲገለጥ ጉልፋም እንባ አቅርሮ ቆሟል።]

ኢናያት፦ ምነው ልጄ?

ጉልፋም፦ [በታፈነ ድምፅ] ጣፍጦኝ ነው።

ኢናያት፦ ያረረ ነገር ሸተተኝ።

ጉልፋም፦ ማረር? አያርም! ሙቀቷን የምትቆጣጠረው ጥጧ እንዳያር አይደል እንዴ?

ኢናያት፦ ጥጥ አላት?

ጉልፋም፦ ሽቦው መሃል ጥጥ አለ። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል። ገባዎት?

ኢናያት፦ እንደ ኩራዝ።

ጉልፋም፦ ምን ኩራዝ አመጡብኝ! ዘመናዊ መሣሪያ ናት!

ኢናያት፦ ጥጥ አለው፣ ጥጡ ይጠጣል፣ ይሞቃል። ኩራዝ ነው።

ጉልፋም፦ ኩራዝ ስክሪን አለው?

ኢናያት፦ እሱስ የለውም። ግን ኩራዝ ስለ ራሱ ይህን ያህል አያወራም። እስቲ ድገምልኝ፣ አልያዝኩትም። ትንፋሹ በአፍ ነው በአፍንጫ የሚወጣው?

[ጉልፋም ደገመ። በአፍም በአፍንጫም ወጣበት። ግድግዳውን ተደግፎ ሲያስል ኢናያት ውሃ ቀዳለት።]

ኢናያት፦ ጣፈጠህ?

ጉልፋም፦ ፈሳሹ ነው... የአየሩ ጠባይ ነው... ደግሞ ቆመው እያዩኝ ነው!

ኢናያት፦ ዞር ልበል?

ጉልፋም፦ አይዙሩ! እርስዎ ይሞክሯት፣ የእርስዎ ጉሮሮ ለምዷል።

[ከአፉ አመለጠው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሰኞ ጀምሮ አራት ደንበኞች ይህችኑ ዓይነት ቬፕ ይዘው ተመልሰዋል። አራቱም ያሉት አንድ ነው፤ «ታቃጥላለች!» ጉልፋምም ለአራቱም «ጉሮሯችሁ አልሠለጠነም» ብሎ መለሰላቸው። ትናንት ጠዋት ግን ባለሱቁ ሀጂ ሳሊም (ጉልፋም በአክብሮት «ሀጂ ሳሂብ» የሚለው) ጠርቶት፣ እስከ ቅዳሜ ምክንያቱን ካላገኘ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ነገረው። ከእናቱ በስተቀር ለማንም አልተናገረም። አጎቱ ጋ የመጣው ለአጎቱ አዝኖ ነው፤ ግን ሌላም ሐሳብ ነበረው። አርባ ዓመት ያጨሰ ጉሮሮ ማረሩ ካልተሰማው፣ ጥፋቱ የደንበኞቹ ነው ማለት ነው።]

ኢናያት፦ የኔ ጉሮሮ ለምን ለመደ?

ጉልፋም፦ ማለቴ... ጠንካራ ነው። የጀግና ጉሮሮ ነው።

ኢናያት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሽቦው ምንድን ነው?

ጉልፋም፦ ኮይል ይባላል።

ኢናያት፦ ስሙን አልጠየቅኩህም። ከምን ተሠራ?

ጉልፋም፦ ከኒኬል።

ኢናያት፦ ኒኬል፣ ጥሩ። ሁለት መቶ ሃያ መድረሱን በምን ታውቃለች? ውስጧ ቴርሞሜትር አለ?

ጉልፋም፦ ቺፕ ነው ያለው።

ኢናያት፦ ቺፑ ሽቦውን ይዳስሰዋል?

ጉልፋም፦ አይዳስሰውም። ቺፑ... ያሰላል።

ኢናያት፦ ምን ይዞ?

ጉልፋም፦ ቻቻ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ከቬንትሌተር ጋር አይገናኝም። ረቂቅ ነገር ነው።

ኢናያት፦ እውነትህን ነው፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ይህን ሽቦ ስትገጥምላት እሷ ምንም አልጠየቀችህም?

ጉልፋም፦ ጠይቃኛለች። «አዲስ ሽቦ ነው ወይስ የድሮው?» ብላ ስክሪኗ ላይ ጻፈች።

ኢናያት፦ መቼ?

ጉልፋም፦ አሁን፣ ደጅዎ ላይ። መጀመሪያ በተራ ዋት አሥር ጊዜ ስቤ አሞቅኳት። ከዚያ ወደ ሙቀት መቆጣጠሪያው ቀየርኳት። ያኔ ጠየቀችኝ፣ «አዲስ» የሚለውን ተጫንኩ።

ኢናያት፦ አሙቀህ?

ጉልፋም፦ ማሞቅማ ግድ ነው! መኪና ሳይሞቅ ይነዳል? ለደንበኛ ሁሉ አሙቄ ነው የማስረክበው።

[ኢናያት ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ቬንትሌተር በአገጩ አመለከተ።]

ኢናያት፦ ያ ይታይሃል? ጠዋት ከልብስ ሰፊው ቤት ጣሪያ አውርደው ትኩሱን አመጡልኝ። «ሽቦውን ለካው» አሉኝ። አልለካሁትም። ለምን?

ጉልፋም፦ ስለሚያንቀላፉ?

ኢናያት፦ ስለሞቀ! ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪኩን እንደ ልብ አያሳልፍም፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ኒኬል ደግሞ በዚህ አንደኛ ነው። ይቺ ዘመናዊህ የምታውቀው ይችኑ ብቻ ይመስለኛል፦ ቀዝቃዛው ሽቦ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ደረሰ። በልዩነቱ ሙቀቱን ትገምታለች።

ጉልፋም፦ [ቀስ ብሎ] እሺ...

ኢናያት፦ አንተ የጋለውን ሽቦ ሰጥተህ «ቀዝቃዛው ይሄ ነው» አልካት። አመነችህ። ስለዚህ እሷ «ሁለት መቶ ሃያ ነኝ» ስትል ጥጡ ከሰል ሆኗል።

[ጉልፋም ቬፗን አየ። አራቱ ደንበኞች በዓይኑ ላይ ዞሩበት። ከአራቱ አንዱ የቁርዓን አስተማሪ ነበር፤ እሱን እንኳ «ሳንባዎ ፈሪ ነው» ብሎት ነበር።]

ጉልፋም፦ ይሄን ማን ነገረዎ?

ኢናያት፦ ቬንትሌተር።

ጉልፋም፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ኢናያት፦ ሽቦና ጥጥ ይዘሃል?

ጉልፋም፦ ኪሴ ሙሉ ነው።

ኢናያት፦ ቀይራት። ከዚያ የውሃ ማሰሮዋ ሥር ትንሽ ትቀመጥ። እስክትበርድ እንዳትነካት። እንዳታናግራትም።

[ቀየሩ። አስቀመጡ። ጠበቁ። ለጉልፋም ከመጠበቁ ዝም ማለቱ ባሰበት። ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ኢናያት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።]

ኢናያት፦ አሁን አብራት። ጠየቀችህ?

ጉልፋም፦ ጠየቀች።

ኢናያት፦ አሁን «አዲስ» በላት።

[ጉልፋም እንደ መራራ መድኃኒት ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። አላሳለም። ዓይኑን ገለጠ።]

ጉልፋም፦ ማንጎ! ቻቻ፣ ማንጎ ነው!

ኢናያት፦ የትኛው?

ጉልፋም፦ [አልሰማውም፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል] ሄሎ፣ ሀጂ ሳሂብ! ምክንያቱን አገኘሁት! ... አዎ፣ ራሴ ነኝ ያጠናሁት። ረቂቅ ነገር ነው። ኒኬል እንደሚያውቁት... ምን? ለምን ይጨምራል? [የስልኩን አፍ ሸፍኖ] ቻቻ፣ ሬዚስታንሱ ለምንድን ነው የሚጨምረው?

ኢናያት፦ ስለሚግል።

ጉልፋም፦ ስለሚግል ነው፣ ሀጂ ሳሂብ! ... አዎ! አራቱንም ይጥሩልኝ፣ በነፃ ጥጥ እቀይርላቸዋለሁ። አስተማሪውን እኔ ራሴ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ... እሺ፣ እሺ! [ስልኩን ዘጋ] ቅዳሜ ቀረ! ቻቻ፣ ከሥራ አልባረርም!

ኢናያት፦ እናትህ ትናንት ልትባረር መሆንህን ስትነግረኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ጉልፋም፦ እናቴ ነግራዎታለች?! ታዲያ ለምን ዝም አሉ?

ኢናያት፦ ራስህ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበራ።

[ጉልፋም ትንሽ አፈረ። ከዚያ ቬፗን በሁለት እጁ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ ስጦታ አድርጎ ዘረጋለት።]

ጉልፋም፦ በሉ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። አሁን አታቃጥልም። ይሳቡና ሲጋራን ይሰናበቱት!

ኢናያት፦ ሲጋራማ አቁሜያለሁ።

ጉልፋም፦ ምን?

ኢናያት፦ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው።

ጉልፋም፦ አሥራ ሰባት... እና አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስተምርዎ?!

ኢናያት፦ ልነግርህ ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ዋት ነገርከኝ።

ጉልፋም፦ ሳሉስ? ትናንትና ሲያስሉ ሰምቻለሁ!

ኢናያት፦ አርባ ዓመት የገባ ጭስ ባንድ ቀን አይወጣም አለችኝ ሐኪሟ። ቀስ እያለ እየወጣ ነው።

ጉልፋም፦ በምን አቆሙ? በማስቲካ? በኪኒን?

ኢናያት፦ በመሰላል።

ጉልፋም፦ በመሰላል?

ኢናያት፦ ሴቶች ትምህርት ቤት ቬንትሌተር ልሰቅል ወጣሁ። አራተኛው እርከን ላይ ትንፋሼ አለቀ። ወርጄ ቁጭ አልኩ። ርዕሰ መምህርቷ አየችኝ፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ወጥታ ሰቀለችው። እኔ ከታች ብሎን አቀበልኳት። ልጆቹ ደግሞ ለእሷ አጨበጨቡላት።

ጉልፋም፦ [ሳቁን እየዋጠ] በዚያው ቀን ተዉት?

ኢናያት፦ በዚያው። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ከበደኝ። ቻቺህን ያለ ምክንያት ተቆጣኋት፤ እሷም ያለ ምክንያት ይቅር አለችኝ።

ጉልፋም፦ እና ዛሬ ይህችን አንዴም አልሳቡም?

ኢናያት፦ አንተ አይደለህ ስትስብ የዋልከው? እስቲ ንገረኝ፣ እዚህ ሱቅ ከመግባትህ በፊት በቀን ስንት ሲጋራ ታጨስ ነበር?

ጉልፋም፦ እኔ? ኧረ ቻቻ! በሕይወቴ ሲጋራ በእጄ ነክቼ አላውቅም!

ኢናያት፦ አንድም?

ጉልፋም፦ አንድም!

ኢናያት፦ ታዲያ ምኑን ልታቆም ነው የምትስባት?

[ጉልፋም ቬፗን በእጁ አገላበጣት።]

ጉልፋም፦ ይቺ... ይቺ እኮ... ቆይ ላስብበት።

[እያሰበ ቬፗን ወደ አፉ አነሳት።]

ኢናያት፦ ማሰቢያህም እሷ ሆነች?

[ጉልፋም እጁ አፉ አጠገብ ሲደርስ ደረቀ። ቬፗን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ሳቁ አመለጠው፤ ኢናያትም እያሳለ አብሮት ሳቀ። ጉልፋም ቬፗን አጠፋና ከብሎኖቹ መሃል አስቀመጣት። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።]

ጉልፋም፦ ቻቻ... የሚከብደው ሦስተኛው ቀን ነው አሉኝ?

ኢናያት፦ ሦስተኛው። በዚያ ቀን ብቻ ደንበኛ እንዳታነጋግር።