ሰርቪስ ቤት የሚኖሩት ባለ ቪላ

ቦሌ ውስጥ አንድ ግቢ አንኳኩታችሁ የቤቱን ጌታ ማግኘት ከፈለጋችሁ ወደ ትልቁ ቤት አትሂዱ። እዚያ ያለው ተከራይ ነው። ጌታው ከኋላ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መሆንና ስለ መምሰል ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ነገሩ በትክክል የገባኝ ግን ጡረታ ወጥቼ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስገባ ነው። ከመስኮቴ ሥር የክቡር አቶ ዋቅቶላ ግቢ ተዘርግቶ ይታያል።

ክቡርነታቸው የዚሁ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናቸው። ከተማው ሲመጣባቸው አልሸሹም፤ አሸዋና ጠጠር ጫኑለት። ሁሉም ሰው የሚገነባበት ዘመን ነበርና ሲኖትራኮቻቸው በዙ፤ መገናኛ ላይ ፎቅ አቆሙ፤ እዚህም ባለ ዓምድ ቪላ ሠሩ። ቪላውን ላጲሶ ለሚባል ወጣት አስመጪ አከራዩና ከአንዲት ልጃቸው ከሰኚ ጋር ሁለቱ የሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ገቡ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

«ምነው ትልቁ ቤት ቢኖሩ?» ብላቸው፣ «ለማን ብዬ?» አሉኝ።

የፍልስፍናቸው ማጠቃለያ ይህች ናት። አዲስ ጫማ? ለማን ብዬ። የቤት መኪና? ለማን ብዬ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሊገዙ ብቅ ሲሉ ነጋዴዎቹ ይጠቃቀሳሉ። ከአንዷ ጋር ተከራክረው፣ ገበያውን ዞረው፣ ተመልሰው ሲመጡ ሴትየዋ ስለ ደከማት ብቻ ትሸጥላቸዋለች። አንድ ጊዜማ የመገናኛው ፎቅ አዲስ ዘበኛ «አባባ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» ብሎ ከገዛ ሕንፃቸው በር አባረራቸው። ማዶ ተሻግረው ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው» ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ሀብትን ማሳየትም ሆነ መደበቅ ተመልካች ይፈልጋል። እሳቸው ግን ተመልካቹን ጨርሶ ረስተውታል። ተከራያቸው ላጲሶ በበኩሉ ሰላም ሲል የሚዘረጋው እጁን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ቢሆንም ደግ ልጅ ነው።

ታዲያ ሰኚን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ።

«አባዬ፣» አለች ልጅቷ፣ «እዚህ ሁለት ሰው እንኳ ጉልበቱ ሳይጋጭ አይቀመጥም። ሽማግሌዎቹ የት ሊቆሙ ነው?»

«ሳሎን ለማን ብዬ ነው የምፈልገው?»

«ለእኔ።»

ክቡርነታቸው ተነሡ። ወደ ተከራያቸው ሄደው የራሳቸውን ቤት ሳሎን ለአንድ እሑድ ለመኑ። ላጲሶም «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቻላል» ብሎ ፈቀደ። እኔም በቤተሰቡ ወገን እንድቀመጥ ተጋብዤ ያለችኝን አንድ ሙሉ ልብስ ከነከረባቷ ለበስኩ።

በቀጠሮው ቀን ጥሩምባ ሲሰማ ሰኚ ጓዳ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ጌታው ራሳቸው፣ በዚያ ክርኑ በተጣፈ ጃኬት፣ ሄደው በሩን ከፈቱ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር መኪና ገባ። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። አፈ ጉባኤያቸው አቶ ገብረዋሕድ «አባባ፣ መኪናዋን አደራ» ብለው አለፏቸውና ሳሎን ገቡ። እኔን በከረባት ሲያዩ ሦስቱም ተደርድረው ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን...» ብለው ጀመሩ። ላርማቸው ብል ንግግራቸው ፋታ አልሰጠኝም፤ ሶፋውም፣ አልዋሽም፣ ተመችቶኝ ነበር።

በዚህ መሐል አቶ ዋቅቶላ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። አቶ ገብረዋሕድ ንግግራቸውን አቋረጡ። «አባባ፣ መኪናዋን ለማን ትተው መጡ?»

«ሾፌሩ አለ። እኔ የሰኚ አባት ነኝ።»

ከጓዳ ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ። አባት ቅር ሲለው «ሌላ ጊዜ ተመለሱ» ይላል፤ ያ ሌላ ጊዜ ደግሞ ላይመጣ ይችላል። የልጅቷ ትዳር በአንድ ጃኬት ምክንያት ሊፈርስ ሆነ።

«ሾፌሩ፣» አሉ ክቡርነታቸው ረጋ ብለው፣ «መኪናዋ የኪራይ ናት ብሎኛል።»

አቶ ገብረዋሕድ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ለእርስዎ ክብር ብለን ነው፣ ጌታዬ። ልጁስ ከልክሎን ነበር። ‹ታክሲ እያለ መኪና የምትከራዩት ለማን ብላችሁ ነው?› ብሎ ተቆጥቶን ነው የመጣነው። እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ትንሽ ቆጠብ ይላል፤ ይለፉት።»

አቶ ዋቅቶላ ወደ ጓዳው በር አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

«ቤቱ የእኔ ነው፤» አሉ፣ «ሳሎኑን ግን ተከራዬን ለምኜ ነው ያገኘሁት። የተፈቀደልን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቶሎ ብላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩት። እስካሁን የጠየቃችሁት የመምህርን ልጅ ነው። እሳቸው ደግሞ ልጅ የላቸውም።»

ላጲሶ ከመመለሱ በፊት ሰኚ ተፈቀደች።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ክቡርነታቸው እያለከለኩ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ባዶውን የውኃ ጀሪካኔን አዩ፤ ጉልበቴንም አዩ።

«መምህር፣ የልጅቷ ክፍል ባዶዋን ናት። ደረጃ የላትም።»

«ኪራዩስ?»

«ኪራይ ለማን ብዬ? የመብራቱን ግን እኩል እንከፍላለን።»

ይኸው ይህን የምጽፈው ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ሆኜ ነው። ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ክፍሏ ጨለም ስትልብኝ አምፖሉን አበራሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ።

«መምህር፣ ፀሐይ እያለች መብራቱ ለማን ብለው ነው?»

አጠፋሁና ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። እሳቸው ቀድመው ወጥተው ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ ያለበትን ቦታ ለእኔ ትተውልኛል።