ጸጥታ አስከባሪውና ባዶው አውቶቡስ

በየሕንፃው አንድ ዝም አሰኚ አይጠፋም። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ የእኛ ሊፍት ከቆመ ወዲህ ደግሞ ማን እንደሚጠግነው የሚያውቅ ሰው ራሱ ጠፍቷል። ዝም አሰኚው ግን ሁሌም አለ። ደረጃ ላይ ቆማችሁ ስታወሩ በሩን ገርበብ አድርጎ በአንድ ዓይኑ ያያችኋል። ወንበር ስትጎትቱ ግድግዳ ይደበድባል። በእናንተ ሕንፃ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁና አስቡበት።

የእኛው ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ዝም በሉ የሚሉት ሊተኙ ሲሉ ወይም ራሳቸውን ሲያማቸው ነው። የእኛው ግን ዝም የሚያሰኘን ሊያዳምጥ ነው። ምኑን? የውሃ ቧንቧውን። የደረጃውን የብረት መደገፊያ። በነፋስ የሚንኳኳውን የማንም ያልሆነ መስኮት። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ "ክቡር ጸጥታ አስከባሪ" የሚል ማዕረግ ሰጠችው፤ እኛም ያለ አንዳች ተቃውሞ አጸደቅነው።

ክቡር ጸጥታ አስከባሪ ቀን ቀን የሞባይል ጠጋኝ ነው። ወገብ በማታስዘረጋ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አቀርቅሮ ይውልና፣ ከሥራ ሲወጣ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ መቅረጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተማውን ይዞራል። ማይኩ ነፋስ እንዳይገባበት ጸጉራም ልባስ አለው። እኛ "ድመቷ" እንላታለን። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እውነትም ድመት መስላኝ "ይቺ ነገር አትንቀሳቀስም፤ አሟታል እንዴ?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። እሱ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

አንድ ቀን ዕቃ ይዤ ደረጃውን ስወጣ አጋማሽ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ዝም ይበሉልኝ። እየቀዳሁ ነው።"

"አልተናገርኩም እኮ!"

"ጫማዎ ተናግሯል።"

ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ደረጃዬ፣ በካልሲ!

ልብስ ሰፊዋ የባሰ ደርሶባታል። የስፌት ማሽኗን ድምፅ ሊቀዳ ሲለምናት ጊዜ ደስ ብሏት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጥሩ ቀሚስ ለብሳ ጠበቀችው። ማሽኑን መርገጥ ስትጀምር እንደ ልማዷ ማንጎራጎር ጀመረች። ክቡርነታቸው እጃቸውን አነሡ። "እትዬ፣ ማሽኑን ብቻ።" ከዚያን ቀን ወዲህ ማን ነሽ ለሚላት ሁሉ "የማሽኑ ረዳት ነኝ" ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ መገናኛ መንገድ ላይ መኪናቸው ተላትሞ የሚሰዳደቡ ሁለት ሾፌሮች መሀል ገብቶ "ጡሩምባውን ብቻ ንፉልኝ፤ ስድቡ ይቅርብኝ" ብሏል አሉ። ሁለቱ ሾፌሮች ወዲያው ታርቀው በአንድነት እሱን ሰደቡት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ሕንፃችን ይሄኔ በሀብታም ተሞልቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ የነገረን ቤቱ ጠርቶን ነው።

"አልበም እየሠራሁ ነው። ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ከከተማው ድምፅ የተሠራ።"

"ዘፋኙ ማን ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ዘፋኝ የለውም።"

"ከበሮስ?"

"ከበሮም የለውም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

ትንሽ አሰበና "ቦታ አለው፤ ገብተው የሚቀመጡበት" አለ።

ከዚያ ከፈተው። አንድ ረጅም እምምም የሚል ድምፅ ወጣ። የአውቶቡስ ሞተር ነው አለን፤ ጎትቶ ጎትቶ የተኛ ሰው ትንፋሽ አስመስሎታል። ከሥሩ የቧንቧው ውሃ በሩቅ ይንጠባጠባል። ተቀመጥን። ጠበቅን። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ "መቼ ነው የሚጀምረው?" አለች።

"ጀምሯል እኮ!" አለ ክቡርነቱ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ይቺ ንግግር የሕንፃው መተረቻ ሆነች። ውሃ ስትጠፋና አንዱ "መቼ ነው የምትመጣው?" ሲል ሌላው "መጥታለች እኮ!" ይለዋል። እኔም ብዙ ቀልጄባታለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን የአልበሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ያ ሞተር ቀስ እያለ ሲርቅ፣ ያለ ምክንያት ሆዴ ባባ። ለማንም አልተናገርኩም።

አልበሙ የታሰበው ለእኛ አልነበረም። ለእናቱ ነበር።

እማማ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ቀጥሎ ሊፍቱ ከዳቸው። ተሸክመን እናውርድዎት ስንላቸው "ሰው ሳሳፍር ኖሬ በስተርጅና ልታሳፍሩኝ ነው?" ብለው ሳቁብን። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ማየትና መስማት ብቻ ቀርቶላቸው ነበር፤ እሱንም ፊት ለፊት የተሠራው አዲስ ሕንፃ ወሰደባቸው። አሁን መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው ግድግዳ ነው፤ የሚሰማውም ግድግዳ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ልባቸው እንደደከመ ለልጁ ነግሮታል። ልጁም እናቴ መንገዱን ሳትሰማ አትሄድም፣ መንገዱን ቤት አመጣላታለሁ ብሎ ተነሣ። ነገሩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሲያሰማቸው እኔም ነበርኩ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ሲያልቅ ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር።

"አውቶቡሱ ባዶ ነው እንዴ?"

"ሰው ሳይሳፈር በፊት ነው የቀዳሁት፣ እማዬ። ድምፁ ንጹሕ እንዲሆን።"

"ሰው ቆሻሻ ነው?"

ክቡርነቱ ድምፅ ማጉያውን አጠፋ።

"ልጄ፣ ከተማው ምን ሆኖ ነው?" አሉ እማማ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም፤ ፈርተዋል። "በሽታ ገብቶበታል? አንድ ሰው እንኳ 'ወራጅ አለ' አይልም?"

ያን ጊዜ ያየሁት የልጁ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስንት ጊዜ በየደረጃው፣ በየመንገዱ እየለመነ፣ እየተሰደበ ያጠራው ድምፅ፣ ለካ የጠራው እናቱ ከሚፈልጉት ከዚያው ነገር ነው።

በማግስቱ ማዕረጉን ገልብጦ መጣ። ደረጃው ላይ ድመቷን ዘርግቶ "ተናገሩ! እባካችሁ ተናገሩ!" ይለን ጀመር። ግን ማን ይናገር? ዝም በሉ ሲል ከርሞ አሠልጥኖናል። ድመቷን ስናይ ምላሳችን ይታሰራል። በሬን አንኳኳና "ጋሼ፣ እንደ ድሮው ይቆጡኝ" አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ጤና ይስጥልኝ ጎረቤት፣ እንደምን ዋልክ" አልኩ፤ ንግግር የማነብ ነበር የምመስለው። ልብስ ሰፊዋም አንጎራጉሪ ስትባል ግጥሙ ጠፋት።

በመጨረሻ ሰዎች ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ይዞኝ ወጣ። ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፤ ጫጫታው ለጉድ ነው። ድመቷን ከቦርሳው ሲያወጣት ጫጫታው ቀጥ አለ። ሁሉም እሷን ያያል። ክቡርነቱ በላብ ተጠምቆ በዓይኑ ለመነኝ። አንጀቴን በላው። ተነሣሁና "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ።

"ማነው ወራጁ?"

ዝም።

"አንተ ነህ አይደል ሽማግሌው? ውረድ እንጂ፣ ሰው ታስጠብቃለህ!"

ወረድኩ። ቤቴ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እሱን ይዞ አውቶቡሱ ሄደ። እኔ በእግሬ እያዘገምኩ ስደርስ እማማ ቀረጻውን ሰምተውት ኖሮ ሳቃቸው ደረጃው ላይ ድረስ ይሰማል። "ይሄ የታችኛው ጎረቤታችን አይደል? ቤቱ እዚህ ሆኖ ለምን እዚያ ወረደ?" እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። "እንዲህ ያለውን አምጣልኝ ልጄ" አሉት። "ሰው ያለበትን።"

"ሙሉውን አመጣልሻለሁ" አላቸው።

አልደረሰላቸውም። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ይዛ ስትወጣ ነው መስኮቱ አጠገብ ያገኘቻቸው፤ ቀዝቅዘው ነበር። እሱ ያን ሰዓት አውቶቡስ መነሻው ላይ ነው፤ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ስልኩን እንዳይጮህበት አጥፍቶ፣ ለእናቱ ሰው እየቀዳ። ደጋግመን ደወልን። የከተማውን ሁሉ ድምፅ እየሰማ የእኛን አልሰማም። በመጨረሻ እኔው ሄጄ ከሰልፉ መሀል አገኘሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሎ ያዳምጣል። ሳያየኝ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ትከሻውን ነካሁት። ዞሮ ሲያየኝ ጣቱን ወደ ከንፈሩ ወሰደና እጁ መሀል ላይ ቆመ፤ ከፊቴ አንብቦታል።

እማማን ያን አራት ፎቅ ተሸክመን አወረድናቸው። ልታሳፍሩኝ ነው ያሉን ነገር ትዝ አለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ክቡር ጸጥታ አስከባሪ ማንንም ዝም አላሰኘም። ደረጃው ላይ ልጆች ይንጫጫሉ፤ በር ይላተማል፤ እሱ አቀርቅሮ ያልፋል። ሰላም የሆነልን መስሎን ነበር። እኔ ግን ጫማዬን ሆን ብዬ እያንኳኳሁ በበሩ ማለፍ ጀመርኩ፤ አይከፍትም። አንድ ከሰዓት ግን እሱ ራሱ በሬን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ የእማዬ ድምፅ የለኝም።"

"እንዴት የለህም? ዕድሜህን ስትቀዳ?"

"ቆርጬዋለሁ። ስትናገር እያስቆምኩ፣ ስታስል እየቆረጥኩ። ንጹሕ ነው የፈለግኩት።" ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። "ፎቶ አለኝ፤ ድምፅ የለኝም። ሰው ስልኩ ሲሞትበት የእናቱን መልእክት አውጣልኝ ብሎ ያለቅስብኛል፤ አወጣለታለሁ። የራሴን…"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ስንተርት አድገናል፤ ሰው ላይ ሲደርስ ግን አያስተርትም። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ያሉትን ቀረጻዎች ሁሉ እንደገና ማዳመጥ ያዘ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብለን አዘንንለት። ከሰነበተ በኋላ አልበሙ አልቋል ብሎ በየበራችን እየዞረ ጠራን።

እማማ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሞተሩ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ውስጡ ሰው ነበረ፤ የሰልፉ ጫጫታ፣ የማሽኑ ምት፣ የእኔ የተረገመ "ወራጅ አለ"። መቼ ነው የሚጀምረው ያለ ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ የማሽኗን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሊፈላ ሲጀምር ይሰማል። ከዚያ እማማ፣ ቅርብ፣ ከጎናችን ያሉ ያህል።

"ልጄ፣ ታውቃለህ ዛሬ…"

"እማዬ፣ አንዴ ዝም በይ። እየቀዳሁ ነው።"

"እሺ፣ ዝም አልኩ።"

ውሃው ይንሿሿል። ረጅም ጊዜ ይንሿሿል። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ከዚያ እማማ፣ በሹክሹክታ፣ ቀረጻውን እንዳያበላሹበት ተጠንቅቀው፦

"አሁንስ ልናገር?"

አለቀ።

እሱ ድምፅ ማጉያውን እያየ "ከዚያ ምን እንዳለችኝ አላስታውስም" አለ። "መቅረጫውን አጥፍቼ ዕቃዬን እሰበስብ ነበር። ነግራኛለች፤ እኔ ግን አልሰማኋትም።"

ይህን ሰው እወደዋለሁ። በካልሲ አስወጥቶኛል፣ ቤቴ ሳልደርስ አስወርዶኛል፣ መተረቻ አድርጌዋለሁ፤ እወደዋለሁ። ወደዚያ ባዶ ወንበር ዞርኩና አፌ ብቻውን ተናገረ።

"ይናገሩ፣ እማማ። እየሰማን ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ፈንድታ አለቀሰች። ከዚያ እያለቀሰች እማማ አንድ ጊዜ ትኬት የጠፋበትን ተሳፋሪ ከተቆጣጣሪ እንዴት እንደሸሸጉት የነገሯትን ማውራት ጀመረች። "እንደሱ አይደለም!" ብዬ አቋረጥኳት፤ ለእኔ የነገሩኝ ሌላ ነበር። እሷም መለሰችልኝ፤ ተከራከርን፤ ሌሎቹም ገቡበት። ክፍሉ እንደ ሞላ አውቶቡስ ተንጫጫ።

እሱ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቦርሳውን ከፈተና ድመቷን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጣት። የመቅረጫው ቀይ መብራት በራች። ሁላችንም አየናት፤ ማናችንም ግን ዝም አላልንም።