መብራት የሚያጠፋ ሳቅ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን የሚያድር ጉዳይ ስለማይወድ እውነትን እዚያው በዕለቱ ያጠራል። ሥራ አስኪያጃችን ከአመክንዮ ሥልጠና እንደተመለሱ ያቋቋሙት የማስረጃ መዛኝ ኮሚቴ ለዚህ ሕያው ምስክር ነው።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ጉዳይ መብራት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ይመጣሉ፤ በር ላይ ቀልድ ይናገራሉ፤ ጸሐፊያቸው እንደ ሥራ ድርሻዋ ትስቃለች፤ እሳቸው ቢሯቸው ገብተው ጠረጴዛ ሥር ያለችውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያበራሉ፤ ሕንጻው ድርግም ይላል።

ኮሚቴው በጥልቀት መረመረ። ሳቅ ቀደመ፣ ጨለማ ተከተለ፤ ስለዚህ ጨለማን የወለደው ሳቅ ነው። ማሞቂያዋማ አትናገርም፤ የማይናገር አይዋሽም፤ የማይዋሽ ደግሞ ንጹሕ ነው። ጸሐፊዋ ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን ትዛወር ተባለ። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ወደተሰበሰበበት፣ መስኮት ወደሌለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠርታ ተነገራት።

«ኧረ ጋሼ!» አለች የኮሚቴውን ሰብሳቢ። «ጡት የሚጠባ ልጄን እዚሁ ጀርባ እናቴ ጋ ትቼ እኮ ነው የምውለው። መጋዘን ድረስ ማን ያመጣልኛል? ደሞ መብራቱ እኔ የቀረሁ ቀንም ጠፍቷል!»

«ቤትሽ ሆነሽ ስቀሽ ይሆናላ።»

«ጥርሴን እየተነቀልኩ?»

«አለመሳቅሽን ያየ አለ?»

«ጥርስ ሐኪሙ!»

«እሱ የተማረው ጥርስ ነው፤ ሳቅ አልተማረም።»

ጸሐፊዋ እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«እሺ፣ በራሳችሁ ሚዛን። ሥራ አስኪያጁ ባልገቡበት ቀን መብራት ጠፍቶ ያውቃል?»

ሰብሳቢውን ላብ አጠመቃቸው።

«ምን ልትዪ ነው አንቺ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ቅንድባቸው ተሰቅሎ።

የጸሐፊዋ ዓይን አንዴ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሄደ። ቀጥሎ ልጇ ትዝ አላት መሰል፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፦

«ፀሐይ ሲወጣ ኩራዝ ያፍራል ልል ነው ጌታዬ። እርስዎ ሲገቡ አምፖሉ ምን ፊት ኖሮት ይብራ?»

«ይኼ ነው አመክንዮ!» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «መጋዘን የሚባለው ነገር ይቅር! በሉ ድምፅ ስጡበት።» በደስታ ተደላድለው ተቀመጡና በእግራቸው ጣት ማሞቂያዋን አበሩ።

ድርግም።

«ይኸው ማስረጃው!» አሉ ከጨለማው ውስጥ።

የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። ሰብሳቢው በጥንቃቄ ከቆጠሩ በኋላ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን አበሰሩ። ተቃዋሚ አልታየም።