የናሆም ደረት

የሰውን ቤት፣ የሰውን ምግብ፣ ካስፈለገም የሰውን ፀጉር አቆራረጥ ተቹ፤ ቢበዛ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ነው። የሚወደውን የድራማ ገጸ ባሕርይ «ይሄ እኮ ባለጌ ነው» ያላችሁት ዕለት ግን አለቀላችሁ። ባለጌው በዓለም ላይ የለም፤ አይሰማችሁም፣ አይከሳችሁም። ጠበቃው ግን ቤታችሁ ውስጥ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ገጸ ባሕርይን በሥራው መመዘን ሳስተምር ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። ባለቤቴን እንኳ ማሳመን አልቻልኩም።

እዚህ ሶዶ፣ ረቡዕ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሰፈራችን የጸሎት ቡድን እኛ ቤት ይሰበሰባል። እኔ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ስለምሆን ተገኝቼ አላውቅም ነበር። ትምህርት የተዘጋ ሰሞን ግን ገባሁ። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ሳሎኑ በቀን ጨልሟል። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ፣ ከበሩ አጠገብ ባዶ ምሳ ዕቃ ታቅፈው የተቀመጡት እትዬ ዘነበች «ለናሆም ጸልዩልኝ፤ ታስሯል» አሉ። ናሆም ማለት ቅዳሜ ማታ በሚታየው ድራማ ላይ በመሬት ተጣልቶ ወንድሙን የገደለው ነው። ሳቄ መጣ። ቀና ስል የሚስቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል።

«ጌታ ሆይ፣ ሌሊት ደረቱን ብርድ አይምታው። ከልጅነቱ ደረቱ ደካማ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ እትዬ ዘነበች። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

ከድራማው አንድም ክፍል አላመለጠኝም። ስለ ናሆም ደረት ማንም፣ መቼም አላወራም። በዚያ ጨለማ ውስጥ እነሱ ሁሉ ያዩት፣ ለእኔ ብቻ ያልታየ ክፍል ያለ መሰለኝ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

መምህር ሲፈራ ያስተምራል። ጸሎቱ እንዳበቃ፣ «ይቅርታ፣ ናሆም እኮ ነፍሰ ገዳይ ነው። ያውም የገዛ ወንድሙን። እንዲህ ላለው ሰው ይጸለይለታል እንዴ?» አልኩ።

እትዬ ዘነበች የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍተው መልሰው ገጠሙት።

«ክፉ አይደለም እኮ፣ መምህር» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን ነው እንጂ… ሌላ ቀን እንደዛ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ነገረችኝ። እትዬ ዘነበች በዴሳ በምትባለው አገራቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። በማሳ ድንበር ተጣሉ፤ አንዱ ተቀበረ፣ አንዱ እዚህ ሶዶ ታስሯል። ረቡዕ ረቡዕ ምሳ ያደርሱለትና ከዚያው ወደ እኛ ይመጣሉ።

«የሟቹም እናት ናቸው» አለችኝ። «ለገዳዩ ጸልዩልኝ የሚሉት በየትኛው አፋቸው ነው?»

ሴቶቹ ከመጀመሪያው ያውቃሉ። ግማሾቹ ድራማውን አይተውት እንኳ አያውቁም። አፈርኩ፤ እናትን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በልጇ ፈርጄ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ድራማው አለቀ። ደራሲው ናሆምን እስር ቤት ውስጥ ገደለው፤ ተማሪዬ ቢሆን ጎሽ ብዬ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ረቡዕ ግን ሳሎን የገባሁት እግሬ እየከበደኝ ነው። የጸሎት ርዕስ ተጠየቀ። እትዬ ዘነበች እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው መሬት መሬት ያያሉ። የልጃቸው መጠሪያ ሞቶባቸዋል፤ በእኛ በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ ለሞተ ሰው ጸልዩልኝ አይባል። ጉሙ መስኮቱ ላይ ቆሟል።

ትንተናዬን አልለወጥኩም፤ ብትጠይቁኝ ዛሬም በናሆም እፈርዳለሁ። እጄን አወጣሁ።

«ለናሆም» አልኩ። «ደረቱን ብርድ እንዳይመታው።»

ከበሩ በኩል «አሜን» ተባለ።